የስቶቭ ሽቦና የጃፓን ፊዚክስ

ጃፓንኛ እችላለሁ። አትሳቁ። እርግጥ "ሽንት ቤቱ የት ነው?" ማለት አልችልም፤ "ራበኝ" ማለትም አልችልም፤ ሰው ፊቴ ቆሞ በጃፓንኛ ቢሰድበኝ አመስግኜው ነው የምሄደው። የኤሌክትሪክ ረዚስታንስን፣ ቮልቴጅን፣ ፍትጊያንና ፍጥነትን ግን ትንሽ ጊዜ ከሰጣችሁኝ አንድ ሳላስቀር እነግራችኋለሁ። ጊዜው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ቶኪዮ መሀል ብትጥሉኝ በረሃብ መሞቴ አይቀርም፤ ስወድቅ ግን የወደቅኩበትን ፍጥነት በትክክለኛው ቃል ተናግሬ ነው የምወድቀው።

ሥራዬ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ነው፤ አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የፊዚክስ ክፍል። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ቴክኒሺያን ምን እንደሆነች ለማያውቅ ልንገር፦ መምህሩ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ "አሁን አምፖሉ ይበራል" ሲል እንዲበራለት ከጠዋት ጀምራ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ ሽቦ የምታገናኝ ሴት ናት። ከበራ መምህሩ ጎበዝ ነው። ካልበራ "ኧረ ቴክኒሺያኗ የት ሄደች?" ይባላል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ስሜ የተጠራው አምፖል ባልበራ ቁጥር ብቻ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከጃፓን ሁለት የኤሌክትሪክ መሞከሪያ ሳጥኖች በስጦታ መጡልን። ግራጫ ናቸው፤ ንጹሕ ናቸው፤ ፊታቸው ከላይ እስከ ታች በጃፓን ጽሕፈት የተሞላ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጡ፣ ባለ ሁለት ዲግሪ፣ ቴስተር በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ ግን እስከ ዛሬ ያለዩ ሰው ናቸው። ለርክክቡ ቀን እንግዳ ጠሩ፤ ሪባን አዘረጉ፤ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ከዚያም በገዛ እጃቸው የሳጥኑን ገመድ ወስደው ግድግዳው ላይ ሰኩት። ጧ! አለ። ጭስ ወጣ። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ፤ የሙከራው አካል መስሎታል።

ሳጥኑ የሚሠራው በመቶ ቮልት ነው። የእኛ ግድግዳ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ኃላፊው ኋላ ሲጠየቁ "በጃፓንኛ ተጽፎ እኔ በምን አውቃለሁ?" አሉ። መቶዋ ግን ጃፓንኛ አይደለችም፤ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ናት፤ ሱቅ የሚላክ ሕፃን ያነባታል። ለማን ይነገራል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ጭሱን በደብተር አራገብኩት።

ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ሳጥኑን ከፈትኩት። ፊውዙን ቀየርኩ። ውስጡ ያለችው ጣት የምታክል ረዚስተር ከስላ ነበር። እሷን የመሰለች አዲስ አበባን ብትዞሩ አታገኙም፤ ዞሬአለሁ። ደህናውን ሳጥን ከፍቼ አቻዋን ስለካት ሃያ ሁለት ኦም አለች። ከጊዮርጊስ በታች ካለ ሱቅ የስቶቭ ሽቦ ገዛሁ። አዎ፣ ሽሮ የምንጥድበት ስቶቭ ውስጥ የሚቀላው፣ ያው ጥምዝምዝ ሽቦ ነው። እሱን አፍታትቼ በአሮጌ የፊውዝ ሸክላ ላይ ጠመጠምኩት። እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ። አንዴ አብዝቼ ቆርጬ ሽቦውን እንደ አዲስ ገዛሁ። በአራተኛው ቅዳሜ ቴስተሩ ሃያ ሁለት ላይ ቀጥ አለ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ዘበኛው "ምን ሆንሽ?" ብሎ መጣ። ሁለት መቶ ሃያውን ወደ መቶ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ደግሞ ከተጣለ ዕቃ መሀል ለቅሜ አገናኘሁለት፤ ሳጥኑም ሠራ። ሰኞ ኃላፊው ሲሠራ አዩትና "አየሽ፣ ትንሽ ማረፍ ነበር የፈለገው" አሉኝ።

በዚህ መሀል ወሬ መጣ። ሳጥኖቹን የሰጡን ሰዎች ከእኛ አንድ ሰው ጃፓን ወስደው ሦስት ወር ሊያሠለጥኑ ነው። አንድ ሰው ብቻ። የሄደው ሲመለስ የቤተ ሙከራው አሠልጣኝ ይሆናል፤ ሙከራውን ራሱ ያስተምራል። ዕድሜ ለቴክኒሺያን እስከ አርባ አምስት፣ ለኃላፊ እስከ አምሳ አምስት ተባለ። ኃላፊ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነው መሰለኝ። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ቀጣዩ ዙር ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይቺ ካመለጠችኝ ሌላ የለኝም ማለት ነው። ጃፓንን ለማየት ጓጉቼ እንዳይመስላችሁ፤ አውሮፕላን እፈራለሁ፤ ጥሬ ዓሣ ሲባልም ሆዴ ይገለበጣል። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ተማሪ ፊት ቆሜ፣ በራሴ አፍ፣ የራሴን ሙከራ ማስረዳት። ለዚህ ስል ጥሬ ዓሣም እበላ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ሁለት ዕጩ አቀረበ፤ እኔንና ኃላፊውን። መስፈርቱ መቶ ሃያ የፊዚክስ ቃላትን በጃፓንኛ ማወቅ ነበር። ትምህርቱ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከፈረሳው ከተረፉት አሮጌ ቤቶች ባንዱ፣ ኬክ ቤት ፎቅ ላይ ነበር የሚሰጠን። ወለሉ የድሮ ጣውላ ነው፤ እግር ባነሳን ቁጥር ይጮኻል፤ ከታች የማሽኑ ፉጨትና የማኪያቶ ሽታ ይመጣል። አስተማሪው የእኔ እኩያ፣ የውቤ በረሃ ልጅ፣ ጃፓን ሰባት ዓመት ኖሮ ያገለገሉ መኪኖች መለዋወጫ ሲልክ የነበረ ሰው ነው። ጃፓንኛውን የለመደው ከመካኒኮች ጋር ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው ይባላል። እኛን ስድቡን አላስተማረንም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከቃሉ ይልቅ የሚደጋግምልን ስለ ጠባይ ነበር። "ስሙኝ! ጃፓን የሚወደው ትሕትና ነው። 'እኔ፣ እኔ' የሚል ሰው አይወዱም። ዝቅ! ጎንበስ!" ይለናል። ይህን የሚለው ለእኛ ነው! ከጡት ጋር "ዝቅ በይ፣ ቀስ በይ፣ ታላቅ ይቅደም" ሲግቱን ላደግን ሰዎች! ለቄስ ልጅ መስቀል መሳለም እንደ ማስተማር ነው። እኔ ግን ጎበዝ ተማሪ ነኝና ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "ትሕትና" ብዬ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ኃላፊው በሦስት ወር ውስጥ አምስት ቀን መጡ። በመጡ ቁጥር ስብሰባ እንደነበረባቸው ይነግሩናል፤ ማኪያቶ ያዛሉ፤ አስተማሪውን ስለ ጃፓን መኪና ዋጋ ይጠይቁታል፤ ስልካቸው ይጠራል፤ ይወጣሉ። እኔ ግን አንድ ቀን አልቀረሁም። ፈረንጅ አፍ በጠና ዕድሜ መማር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙቀት "ኔትሱ" ነው፤ እኔ "ነጹ" ስል አስተማሪው ጆሮውን ይይዛል። "አትሰንጥቂው! እንጨት አይደለም!" ይለኛል። ዛሬ የያዝኩት ቃል ነገ የለም። ረዚስታንስንማ በአማርኛም አልተስማማንበትም፤ "መቋቋም" የሚል መምህር አለ፣ "ተቃውሞ" የሚል አለ፤ ተማሪው ሁለቱንም ትቶ "ረዚስታንስ" ብሎ ይገላገላል። በጃፓንኛ "ቴይኮ" ነው፤ አለቀ። ይህ ደስ አለኝ፤ ግን እሱንም በማግሥቱ ረሳሁት።

መፍትሔውን ያመጡት የኔታ ናቸው። የኔታ የምንላቸው የትምህርት ቤቱን መብራት የሚጠግኑትን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ስድሳ ሊሞላቸው ነው፤ በልጅነታቸው ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ፈተናው አይመለከታቸውም፤ "ዕውቀት አይጠላም" ብለው ነው ከእኛ ጋር የሚቀመጡት። አንድ ቀን እስክሪብቶዬን ሳኝክ አዩኝና "ይኼ ምን ያስጨንቃል? በዜማ አይደረግም ወይ?" አሉ። ሰውዬው ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ ናቸው፤ መቶ ሃያ ቃል ለእሳቸው መክሰስም አይሆንም። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልክ ቄስ ትምህርት ቤት በውርድ ንባብ እንደሚወረደው አድርገው ያንቆረቁሩት ጀመር። "ቺካራ ኃይል፣ ኦሞሳ ክብደት፣ ሃያሳ ፍጥነት..." ድምፃቸው ጣውላውን አልፎ ወረደ። ታች ኬክ ይበሉ የነበሩ ሁለት እናቶች ምስባክ መስሏቸው ብድግ አሉ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በሦስት ሳምንት መቶ ሃያውን ጨረስኩት። ታክሲ እየጠበቅኩ ወረድኩት፤ ሽንኩርት እየላጥኩ ወረድኩት። አንድ ቀን ጊዮርጊስ ቅጥር አጠገብ እያንጎራጎርኩ ሳልፍ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት "የምን ማኅሌት ነው የኔ ልጅ?" ብለው ጠየቁኝ። "የኤሌክትሪክ ነው እማማ" አልኳቸው። "እሱም ይርዳሽ" አሉኝ። አርባዎቹ ላይ "ዴንርዩ ከረንት፣ ዴንአትሱ ቮልቴጅ፣ ቴይኮ ረዚስታንስ" የምትለዋ ቦታ ዜማው ሽቅብ ይወጣል፤ እሷ ጋ ስደርስ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ለቮልቴጅ ማን ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ።

ያልታየኝ ነገር ግን ነበር። በዜማ የገባ ነገር የሚወጣው ከመጀመሪያው ነው። "አቡነ ዘበሰማያትን ከመሀል ጀምሪ" ቢሏችሁ ትችላላችሁ? እንደዚያ ነው። የኔታ ይህ መች ይታያቸዋል? እሳቸው ባደጉበት ጉባኤ ቤት "አርባ ሁለተኛውን ቃል ብቻ አምጣ" ብሎ የሚጠይቅ መምህር የለም፤ ተማሪ ከራሱ ጀምሮ ነው የሚያወርደው። እኔም በዚያው ረድፍ ተሰለፍኩ።

የፈተናው ቀን ከጃፓን የመጣች ፈታኝ ተቀመጠችልን። አምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ትንሽዬ ናት፤ ድምጿ አይሰማም። አስተማሪያችን ያስተረጉማል። ስገባ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ አለች። ጨዋነት ነው ብዬ ደገምኩ፤ ደገመች። ማን ያቁም? አስተማሪው ነው "በቃ ተቀመጪ" ብሎ የገላገለን።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ ቮልቴጅ በጃፓንኛ ምን ይባላል የሚል ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቺካራ ኃይል፣ ኦሞሳ ክብደት... ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቴ ይቆጥራል፤ ገና ሃያዎቹ ላይ ነኝ። ባንድ ዓይኔ አጮልቄ ሳይ ፈታኟ አንገቷን ደፍታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። የምጸልይ መስሏት ጸሎቴን አክብራ ነው! ምን ላድርግ? ከማቆም መቀጠል ይሻላል። "ዴንአትሱ!" ስል ደንግጣ ቀና አለች። ትክክል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ብርሃን ነበር፤ ስድሳ ሰባተኛው ቃል። እንደገና ከቺካራ። እንደገና አንገቷን ደፋች። በግማሽ ሰዓት ሰባት ቃል መለስኩ፤ ሰባቱም ልክ ነበሩ። ስወጣ ለአስተማሪው አንድ ነገር አንሾካሾከችለት። "እንዲህ ያለ ጸሎተኛ ሰው አይቼ አላውቅም" ነው ያለችው።

ኃላፊው ገብተው በአምስት ደቂቃ ወጡ። ከመቶ ሃያው የያዟት አንዲት ቃል ናት፤ "ዴንኪ"፣ ኤሌክትሪክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለብርሃንም ዴንኪ፣ ለሙቀትም ዴንኪ፣ ለክብደትም ዴንኪ አሉ። በመጨረሻ ፈታኟ አዝናላቸው ኤሌክትሪክን ጠየቀቻቸው መሰለኝ፤ አንድ አገኙ። ሰባት ለአንድ! ያን ቀን የኬክ ቤቱን ደረጃ የወረድኩት ሻንጣ ከማን እንደምዋስ እያሰብኩ ነው።

በማግሥቱ ቤተ ሙከራውን ልትጎበኝ መጣች። እኔ፣ ኃላፊው፣ አስተማሪውና የኔታ አብረናት ገባን። የተጠገነውን ሳጥን አበራች፤ ሠራ። አዙራ አዙራ አየችውና ከቦርሳዋ ትንሽ መፍቻ አውጥታ ክዳኑን ከፈተች። የስቶቭ ሽቦዬ በፊውዝ ሸክላው ላይ ተጠምጥሞ ቁጭ ብሏል። አፍንጫዋ እስኪነካው ድረስ ቀርባ አየችው። ቴስተር ጠየቀች፤ ለካች። ሃያ ሁለት። እንደገና ለካች። ከዚያ ቀና ብላ ሁላችንንም እያየች አንድ ነገር ተናገረች። አስተማሪው ተረጎመ፦

"ይህን ማን ነው የሠራው?"

እዚህ ጋ ስደርስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። የሚያስፈልገኝ አንዲት ቃል ናት። "እኔ።" ከመቶ ሃያው ውስጥ የለችም፤ ዜማ አትጠይቅም፤ በአማርኛ ብላት ይበቃ ነበር። ግን እንዴት ተደርጎ? ታላቅ ሰው፣ ቀጥሮ ያስገባኝ ሰው ከጎኔ ቆመው፣ እንግዳ ፊት "እኔ ነኝ" ልበል? እናቴ ከመቃብሯ ተነሥታ ትቆነጥጠኛለች። እኛ እኮ ወጣችን ሲመሰገን "ኧረ ጨው በዝቶበታል" የምንል፣ ልብሳችን ሲደነቅ "አሮጌ ነው" ብለን የምንምል ሰዎች ነን። ደግሞም ወጉን ተማምኜ ነበር። ወጉ እንዲህ ነው፦ እኔ ለእሳቸው እሰጣለሁ፤ እሳቸው "ኧረ በጭራሽ፣ እሷ ናት እንጂ" ብለው ይመልሱልኛል። በር ላይ "ይቅደሙ"፣ "የለም አንቺ ቅደሚ" እንደምንባባለው ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

"ኃላፊያችን ናቸው" አልኩ። "እኔ ሽቦ ከመያዝ በቀር ምን ሠራሁ?"

ያውም ጎንበስ ብዬ! አይ እኔ!

ከዚያ ጠበቅኩ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይኸው ሊሉት ነው አልኩ በልቤ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ለፈታኟ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሌላ ምንም አላሉም። በር ላይ "ይቅደሙ" ያልኳቸው ሰው ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ፈታኟ ዓይኗን ከሽቦው ሳታነሳ ስንት እንዲሆን አስበው እንደጠመጠሙት ጠየቀቻቸው። ኃላፊው ጣሪያውን አዩ። ግንባራቸው አላበው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። መምህር ሲጨንቀው ከኋላ ሹክ ማለት አሥራ ስምንት ዓመት የለመደው አፌ፣ እኔን ሳያማክር "ሃያ ሁለት ኦም" አለ፤ በቀስታ። "ሃያ ሁለት ኦም!" አሉ ኃላፊው፤ በጩኸት። ረዚስታንስ በጃፓንኛ ምን እንደሚባል ጠየቀች። "ቴይኮ" አልኩ ከኋላቸው። ያለ ዜማ! ከመሀል! ከቺካራ ሳልነሣ! ለራሴ ሲሆን አርባ ሁለት ቃል የሚያስቆጥረኝ ምላስ ለእሳቸው ሲሆን ባንድ ትንፋሽ አመጣው። "ቴይኮ!" አሉ ኃላፊው፤ ክራቫታቸውን እንደገና እየነኩ። የኔታ በሩ አጠገብ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ኃላፊው አለፉ። ፈታኟ የሰጠችውን ምክንያት አስተማሪው አነበበልን፦ "ቃል በሦስት ወር ይለመዳል። ይህን ሽቦ የጠመጠመ እጅ ግን ፈልገን አናገኝም።" ያን ስሰማ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። የኔታ ጠጋ ብለው "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" አሉኝ። ተረቱን አውቀዋለሁ፤ ከእሳቸው ነው የሰማሁት። እሳቸውም ያን ዕለት እዚያው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ተረት ከመንገር አንዲት ቃል መተንፈስ ይቀል ነበር።

ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው ቀን ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ብዙ ነበር፤ እንደ እሳት የሚፋጅ ንግግር። በሩን ስከፍት ግን አፌ "ጋሼ፣ እንደምን አሉ?" አለ።

"ጋሼ፣ ሽቦውን የሠራሁት እኔ መሆኔን ይንገሩልኝ" አልኳቸው። "ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ይበቃል።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እኔ ሠራሁ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?"

"አልወጣም።"

"ማን ነው 'እሳቸው ናቸው' ያለው?"

"እኔ።"

"ታዲያ እንግዳ ፊት 'ውሸቷን ነው' ብዬ ላዋርድሽ? አንቺን የመሰለች ጨዋ ሰው? ለአንቺ ክብር ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።"

ደግሞ እኮ አምነውበታል! ዓይናቸው ላይ ቅንጣት ክፋት አጣሁበት። ሌባ በሆኑልኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሌባን ይሰድቡታል፤ ይከሱታል። ጨዋን ምን ያደርጉታል? እያመሰገንኩ ልወጣ ስል ጠሩኝ። "ለመሆኑ፣ ያንን ሽቦ የገዛነው ከየት ነበር? እዚያ ቢጠይቁኝ ብዬ ነው።" የገዛነው! ሱቁን ነገርኳቸው። የሽቦውን ውፍረትም ነገርኳቸው። እንዳይረሱት ብዬ በወረቀት ጻፍኩላቸው። እብድ ነኝ እኮ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አስተማሪው ደወለልኝና ኬክ ቤቱ ታች ማኪያቶ ጋበዘኝ። ሲያወራ ዓይኑን ያሸሻል። ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ ፈረሱት ቤቶች አወራ። ስኒዬን ወደ አፌ ሳስጠጋ "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪኝ" አለኝ።

"ምንድን ነው?"

"ፈታኟ ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት ለብቻዬ ጠርታኝ ነበር። 'ሽቦውን የጠመጠሙት በእርግጥ ሰውዬው ናቸው? የሴትዮዋ ጣቶች ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አይቻለሁ' አለችኝ።"

ስኒው እጄ ላይ ቀረ። ጣቶቼን አየኋቸው። አዎ፣ አሉ፤ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ገና ቀይ ነው። ከዓመታት በኋላ ጣቴን ያየ ሰው ተገኘ፤ እሱም ከጃፓን።

"ምን አልካት?"

"ምን ልበላት? አንቺ በአፍሽ ያልሽውን እኔ ሐሰት ነው ልበል? ሰው ፊት ትዋረጃለሽ ብዬ ነው። 'አዎ፣ እሳቸው ናቸው' አልኳት።"

"አንዴ ጠይቃህ ተወችው?"

ስኳሩን ማማሰል ጀመረ። "ሁለቴ ነው የጠየቀችኝ" አለ።

ሁለቴ። እኔ ሽቦዬን አንዴ አሳልፌ ሰጠሁ፤ እሷ ሁለቴ ልትመልስልኝ መጣች፤ ሁለቴም በጨዋ ደንብ ሸኛት። ስኒውን አስቀመጥኩና "እኔ ነኝ የሠራሁት!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። "በአራት ቅዳሜ፣ በገዛ እጄ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት!" ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ማሽኑን አቆመች። ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

አስተማሪው ፊቱ ቀላ፤ ክንዴን ያዘኝ። "ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል" አለኝ።

ድምፄን ቀነስኩ።